የቺካጎ ቡልስ ውድቀትና የአንድ ፊልም ፍርድ

አንድ ታላቅ ቡድን በወደቀ ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ጣለው?» ብሎ ነው። «ምን ጣለው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሁለቱ ጥያቄዎች ልዩነት ቀላል መስሎ ይታያል፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው የሚፈልገው ተከሳሽን ሲሆን ሁለተኛው የሚፈልገው ምክንያትን ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመረምረው «ዘ ላስት ዳንስ»፣ በአማርኛ «የመጨረሻው ጭፈራ» ልንለው የምንችለው ፊልም፣ የቺካጎ ቡልስን የቅርጫት ኳስ ቡድን ፍጻሜ ሲተርክ ከሁለቱ ጥያቄዎች የትኛውን እንደ መረጠ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዐሥር ክፍል ያለው ይህ ፊልም በጄሰን ሄኸር አዘጋጅነት በ2020 ለሕዝብ ታየ። እኛም ባለፈው ዓመት ጥቂት ተማሪዎች በመኝታ ቤት ተሰብስበን አየነው። ካየነውም በኋላ የተስማማንበት ፍርድ አንድ ነበረ፤ ይኸውም ያን ታላቅ ቡድን ያፈረሱት ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ጄሪ ክራውስ ናቸው የሚል ነው። እኔም ከፈራጆቹ አንዱ ነበርሁ። ዛሬ ግን በዚያ ፍርድ ላይ ይግባኝ ልጠይቅበት ፈለግሁ።

አስቀድሞ ነገሩን እንደ ሆነው እናስቀምጥ። ቺካጎ ቡልስ በ1991፣ በ1992ና በ1993፣ እንደ ገናም በ1996፣ በ1997ና በ1998 የአሜሪካን የሙያ ቅርጫት ኳስ ዋንጫ ወሰደ። በ1995–96 የውድድር ዘመን ከ82 ጨዋታ 72ቱን አሸነፈ፤ ይህንንም ቍጥር እስከ 2016 ድረስ ያለፈው አልነበረም። ስድስተኛውን ዋንጫ ከወሰደ በኋላ ግን አሠልጣኙ ሚስተር ፊል ጃክሰን ሄዱ፤ ማይክል ጆርዳን በጥር 1999 ከጨዋታ ተሰናበተ፤ ስኮቲ ፒፐን ወደ ሂዩስተን ተሻገረ፤ ዴኒስ ሮድማንም ተለየ። በባለቤቶችና በተጫዋቾች ክርክር ምክንያት ባጠረው በ1998–99 ዘመን ቡድኑ ከ50 ጨዋታ ያሸነፈው 13 ብቻ ነው። በሚከተለው ዓመት ከ82 ጨዋታ 17፣ ከዚያም በኋላ 15 አሸነፈ። ወደ ጥሎ ማለፉ ውድድር የተመለሰውም በ2005 ነው። ስድስት ዋንጫ ላገኘ ቡድን ስድስት የረኀብ ዘመን ተከተለው ማለት ነው።

የፊልሙ ትረካ እንደዚህ ነው። የ1997–98 ውድድር ከመጀመሩ በፊት ሚስተር ክራውስ አሠልጣኙ ከዚያ ዓመት በኋላ እንደማይቀጥሉ አስታወቁ። ጆርዳንም በሌላ አሠልጣኝ ሥር አልጫወትም አለ። ስለዚህ ቡድኑ ገና ሳይሸነፍ ተበተነ። በመጨረሻውም ክፍል ጆርዳን ለእያንዳንዳችን የአንድ ዓመት ውል ቢሰጠን ኖሮ ለሰባተኛው ዋንጫ ተመልሰን እንመጣ ነበር ብሎ ይናገራል።

ፊልሙ ምስጋና የሚገባው ነገር ሞልቶታል። በ1997–98 ቡድኑን ሲከተሉ የነበሩ ካሜራዎች ያነሡትና ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጦ የቈየው ሥዕል በራሱ ትልቅ የታሪክ ሰነድ ነው። ጆርዳን በጓደኞቹ ላይ የነበረውን ክፉ አንደበትም አልደበቀም። ይሁን እንጂ ሰነድ ማቅረብ ሌላ፣ በሰነዱ መፍረድ ሌላ ነው። እኔ በፍርዱ ላይ ሦስት ተቃውሞ አለኝ።

አንደኛ፣ የምስክሮቹ ነገር ነው። ያ የተቀመጠ ሥዕል ያለ ጆርዳን ፈቃድ ሊወጣ አይችልም ነበር፤ ከፊልሙ ሥራ መሪዎች መካከልም የጆርዳን የንግድ ሥራ ባልደረቦች ነበሩ። ሚስተር ክራውስ ግን በመጋቢት 2017 ሞተዋል። በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው ድምፃቸው ከቀድሞ ንግግራቸው የተለቀመ ነው እንጂ ለቀረበባቸው ክስ የሰጡት መልስ አይደለም። አባቶቻችን ስለ ሞተ ሰው ክፉ ከመናገራቸው በፊት «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላሉ። ይህ አባባል የሞተ ሰው ጥፋት አይነገር ማለት አይመስለኝም፤ መልስ ሊሰጥ በማይችል ሰው ላይ ስትናገር ቃልህን መዝን ማለት ነው። ፊልሙ ይህን ሚዛን አላነሣም። ከጆርዳን ጐን የተጫወተው ፒፐን እንኳ በ2021 ባሳተመው መጽሐፉ ፊልሙ ለአንድ ሰው ክብር የተሠራ ነው ሲል አማሯል።

ሁለተኛ፣ ፊልሙ ራሱ ያቀረበው ማስረጃ ከፍርዱ ጋር አይስማማም። ፒፐን በ1991 ለሰባት ዓመት በ18 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ነበር። የተጫዋቾች ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ሲጨምር የእርሱ ውል ባለበት ቀረ። በመጨረሻው ዓመት ጆርዳን ከ33 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲከፈለው ፒፐን 3 ሚሊዮን እንኳ አልደረሰም። በዚህም ተቈጥቶ የእግሩን ሕክምና ከበጋው ዕረፍት ወደ ውድድሩ ዘመን አሳለፈው፤ እስከ ጥር 1998ም አልተጫወተም። እንግዲህ ቡድኑ በርካሽ ዋጋ ታላቅ ተጫዋች በመያዙ ሲጠቀም ቈይቶ ውሉ ባለቀ ጊዜ ያ ጥቅም ዕዳ ሆነበት። ቡድኑን ያቆመውና ያፈረሰው አንድ ወረቀት ነው ለማለት ይቻላል። የዕድሜም ነገር አለ። በ1998 ክረምት ጆርዳን 35፣ ሮድማን 37 ዓመት ሞልቷቸው ነበር፤ ፒፐንም ወደ 33 ተጠግቶ ነበር። የድሉ ቍጥር በሦስት ዓመት ውስጥ ከ72 ወደ 69፣ ከዚያም ወደ 62 መውረዱ ቍልቍለቱ አስቀድሞ መጀመሩን ያመለክታል።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ታዲያ ቢቈዩ ኖሮስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ ጥያቄ የቦስተን ሴልቲክስ ታሪክ ጥቂት ብርሃን ይሰጠናል። ቦስተን በ1986 ዋንጫ ከወሰደ በኋላ ላሪ በርድን፣ ኬቪን ማክሄልንና ሮበርት ፓሪሽን እስኪደክሙ ድረስ ያዛቸው። በርድ በጀርባው ሕመም ተሠቃይቶ በ1992 ተሰናበተ፤ ማክሄልም በ1993 ተከተለው፤ በቦስተን ግን ዳግመኛ ዋንጫ አላገኙም። ቡድኑ በ1996–97 ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 15 ብቻ ነው፤ ዋንጫም ያየው በ2008 ነው። እርግጥ ነው፣ ቦስተን ተስፋ የጣለባቸውን ሁለት ወጣቶች፣ ሌን ባያስን በ1986፣ ሬጂ ሉዊስን በ1993 ሞት ነጥቆታል፤ ስለዚህ ሁለቱ ታሪኮች ትክክል አይደሉም። ቢሆንም የምንማረው አለ። ያፈረሰም ወደቀ፣ ያላፈረሰም ወደቀ።

ሦስተኛው ተቃውሞዬ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። ፊልሙ የሚያበቃው ውድቀቱ በሚጀምርበት ስፍራ ነው። ስለ ስድስቱ የረኀብ ዘመናት የሚነግረን ነገር የለም። የሚያስደንቀው፣ የሚስተር ክራውስ እውነተኛ ጥፋት የሚገኘው በዚያ መሆኑ ነው። በጃክሰን ፈንታ ከኮሌጅ ያመጧቸው አሠልጣኝ ሚስተር ቲም ፍሎይድ ቡድኑን በመሩባቸው 239 ጨዋታዎች ያሸነፉት 49 ብቻ ነው። በ1999 ከወጣቶቹ ሁሉ አስቀድመው የመረጡትን ኤልተን ብራንድን፣ መልካም ተጫዋች ሆኖ ሳለ፣ በ2001 ለሌላ ቡድን አሳልፈው ሰጡት። የሸኟቸው ጃክሰን ደግሞ በሎስ አንጀለስ በ2000፣ በ2001ና በ2002 ዋንጫ አነሡ። ስለዚህ እኔ ሚስተር ክራውስ ነጻ ይውጡ አልልም። በሠሩት ይከሰሱ፣ በልኩም ይፈረድባቸው ነው የምለው። ፒፐንን በ1987፣ ሮድማንን በ1995 ያስመጡት፣ ጃክሰንንም ለዋና አሠልጣኝነት ያበቁት እርሳቸው መሆናቸውም በዚያው ሚዛን ይቀመጥ።

ሚስተር ክራውስ በሕይወት ሳሉ ዋንጫ የሚያመጣው ድርጅት ነው እንጂ ተጫዋች አይደለም ብለዋል ተብለው በብዙ ተጠልተው ነበር። እርሳቸው ግን የተናገርሁት ተጫዋቾችና አሠልጣኞች ብቻቸውን ዋንጫ አያመጡም ብዬ ነው፤ ጋዜጦቹ «ብቻ» የምትለዋን ቃል አስቀሯት እያሉ ተከራክረዋል። የዚህች ቃል ነገር ፊልሙን ካየሁ ጀምሮ ከአሳቤ አልጠፋችም። ከንግግራቸው የጐደለችው «ብቻ» ከሞቱ በኋላ በጥፋታቸው ላይ ተጨምራ ተገኘች፤ ቡድኑን ያፈረሱት እርሳቸው ብቻ ናቸው ተባለ። እኛም በመኝታ ቤት ተቀምጠን አሜን አልን።

በዚህ ትችት የተሳሳትሁበት ነገር ቢኖር መምህራኖቼና ጓደኞቼ በሚቀጥለው እትም እንዲያርሙኝ እለምናለሁ። እኔ በሕይወት ስላለሁ መልስ እሰጣለሁ።