ዘውዱን በፈቃዱ የተወ

ቼዝ የማስተምራቸው ልጆች ስለ ማግነስ ካርልሰን የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ለዓለም ሻምፒዮንነት ተጋጥሞ ተሸንፎ የማያውቅ ሰው ዘውዱን እንዴት በገዛ ፈቃዱ ይተዋል? ፈርቶ ነው የሚሉ ትልልቅ ሰዎችም አሉ። እኔ አላምንም። ኖርዌያዊው በ2013 ቼናይ ላይ አናንድን አሸንፎ ዘውዱን ከጫነ ወዲህ አራት ጊዜ አስጠብቆታል፤ በ2022 አምስተኛውን አልጫወትም ሲል በሬቲንግ የዓለም አንደኛ ነበር።

ሸክሙ ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው። ግጥሚያው ሰሌዳ ፊት ከመቀመጥ ወራት ቀድሞ ይጀምራል። ሻምፒዮኑ ረዳቶቹን ሰብስቦ፣ በኮምፒውተር እያስፈተሸ፣ ለአንድ ተጋጣሚ ብቻ የሚሆን መክፈቻ ያጠናል። ያገኘውን ግሩም ሐሳብ ደብቆ ይይዛል፤ በሌላ ውድድር ካሳየው ባከነ። ተጋጣሚውም በዚሁ ሥራ ስለሚከርም ብዙ ጊዜ የሸመደዱትን ተጫውተው አቻ ይለያያሉ። በ2018 ለንደን ላይ ከፋቢያኖ ካሩአና ጋር ያደረጋቸው 12 መደበኛ ጨዋታዎች አንድም ሳይቀር በአቻ አልቀዋል።

የካርልሰን ጥበብ ግን ሌላ ነው። በ2021 ዱባይ ላይ ከኢያን ኔፖምኒያቺ ጋር የተጫወተውን ስድስተኛ ጨዋታ ደጋግሜ ሰሌዳ ላይ እደረድረዋለሁ። መጀመሪያ ንግሥቱን በሁለት ግንቦች ለወጠ። ከብዙ ሰዓት በኋላ የቀረው አንድ ግንብ፣ አንድ ፈረስና ሁለት ወታደሮች፤ በወዲያ በኩል ንግሥት ብቻ። ለኮምፒውተር አቻ ነው። እሱ ግን ንጉሡን ከቼክ እየሸሸገ፣ ግንብና ፈረሱን እርስ በርስ እያስጠበቀ፣ ወታደሮቹን በቀስታ ገፋ። በ130ኛው እርምጃ ኔፖምኒያቺ ንግሥቱን ያለቦታዋ አስቀመጠ፤ ከ136ኛው በኋላ እጅ ሰጠ። ወደ ስምንት ሰዓት ፈጅቷል። እዚያ ደረጃ ላይ የሚያድን የቤት ጥናት የለም። ይህን መጫወት የሚወድ ሰው ወራቱን ለሽምደዳ መገበር ቢሰለቸው ይገባኛል።

ከቦቢ ፊሸር ጋር የሚያመሳስሉት ተሳስተዋል። ፊሸር ቅድመ ሁኔታው በሙሉ አልተሟላልኝም ብሎ በ1975 ዘውዱን ለካርፖቭ ሲለቅ ከውድድር መድረክም ጠፋ። ካርልሰን መጫወቱን አላቆመም፤ በ2023 ባኩ ላይ የዓለም ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ።

በዚያው ዓመት አስታና ላይ ዲንግ ሊረን ሲነግሥ ለእሱ ደስ ቢለኝም ለቼዝ ከፍቶኛል፤ ሻምፒዮኑና ምርጡ ተጫዋች ሁለት ሰዎች ሆኑ። ወቀሳው ግን የሚገባው ለግጥሚያው ሥርዓት ነው። ካርልሰን ጨዋታው ይብዛ፣ ሰዓቱ ይጠር ሲል ቆይቷል። ፌዴሬሽኑ ይህን በቁም ነገር እስኪያየው ድረስ ሌላም ሻምፒዮን በቃኝ ቢል አልፈርድበትም።