ውዳሴ ለግቢ ጉባኤ

ግቢ ጉባኤ ሆይ፣ የኦርቶዶክሳውያን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር፣ ውዳሴሽን ከየት ልጀምር? ነገሥታት ያነጿቸው አድባራት በጉልላታቸው ይወደሳሉ፤ የገዳማት ክብር በዋሻቸውና በመናንያኑ ተጋድሎ ይመሰከራል። አንቺ ግን የራስሽ ጉልላት የለሽም፣ ደወል የለሽም፣ ርስትና ጉልት የለሽም። ሀብትሽ ሁሉ ወጣት ነው፤ ወጣቱም መንገደኛ ነው። ቢቆይ አራት ወይም አምስት ዓመት፣ ሕክምና ቢያጠና ጥቂት ጨምሮ፣ ከዚያ ሻንጣውን አንሥቶ ይሄዳል። በጉባኤሽ ያስተማረው ይሄዳል፣ ከበሮሽን የመታው ይሄዳል፣ የመዝገብሽን ቁልፍ የያዘችው ትሄዳለች። የሚቀር ሰው በሌለበት ቤት ከዘመን ወደ ዘመን መብራት ሲበራ ከማየት የሚበልጥ ምን ድንቅ አለ? ምስጋናዬን ወደ አንቺ ያዞረው ይህ ነው።

ትውልድሽ የከበረ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዓርማው ላይ ያኖረው የግእዝ ቃል ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ክርስቲያኖች ከጻፈው መልእክት የተወሰደ ነው፤ ሁሉን መርምሮ መልካሙን አጽንቶ መያዝን ያዝዛል። የዘመናዊው ትምህርት ደጃፍ በሐዋርያ ቃል ከታተመ፣ በዚያ ደጃፍ የሚገባ ጸሎተኛ ተማሪ በቤቱ ነው እንጂ በባዕድ ቤት አይደለም። ካንቺ አስቀድሞ ሃይማኖተ አበው የተባለ የተማሪዎች ማኅበር ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተማረውን ወጣት ወደ አባቶቹ እምነት ሲጠራ ኖሯል። ዘመኑ ተለውጦ በየክፍሉ የማርክስና የሌኒን ትምህርት ሲነገር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ተማሪም ኋላ ቀር ሲባል፣ የሸዋው ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ካልዕ በዝዋይ በመሠረቱት የካህናት ማሠልጠኛ የዩኒቨርሲቲ ልጆችን በክረምት እየሰበሰቡ አስተማሩ። ሊቅ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያናቸውንም ታሪክ በመጽሐፍ አኑረዋል። እኔ ግን በእነዚያ ልጆች ልብ የጻፉት ከመጽሐፋቸው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ብፁዕነታቸው በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ በድንገት ዐረፉ። ሐዘኑ ሳይበርድ፣ በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ መዲናዪቱ ሲቃረብ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸው ተቋርጦ ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ተላኩ። ጠመንጃ ሊለምዱ የሄዱት ወጣቶች በዚያ ቆላ በቅዱስ ሚካኤል ስም ተሰብስበው ጸለዩ። ነገ በየትኛው ግንባር እንደሚወድቁ የማያውቁ ልጆች ማኅበር መሠረቱ! በ1984 ዓ.ም. አንቺን የሚያስተባብረው ማኅበረ ቅዱሳን ሲቋቋም ከዝዋይ ትምህርት የቀሰሙትና ከብላቴ የተመለሱት በአንድነት ቆሙ፤ ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ በተከፈተበት ከተማ ሁሉ አንቺም አብረሽ ትከፈቻለሽ። ሕንፃው ገና ልስኑ ሳይደርቅለት፣ ውኃው ገና ወደ ዶርሙ ሳይገባ፣ አንቺ ግን አለሽ።

አዲስ ተማሪ በሚገባበት ሰሞን ያለሽን ውበት ማን ይዘረዝረዋል? የመንዙ ልጅ ጅማ ይደርሰዋል፣ የወለጋዋ ልጅ ጎንደር ይደርሳታል፣ የአዲግራቱ ልጅ ሐዋሳ ይደርሰዋል። እናት በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ቋጥራ፣ ነጠላውን በሻንጣው አፍ ላይ አድርጋ፣ ግንባሩን አማትባ ትሸኘዋለች። ልጁ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ መናኸሪያ ሲወርድ ከተማውን አያውቀውም፤ ቋንቋውንም ላያውቀው ይችላል። እዚያ ግን ስሙን የማያውቅ ወንድሙ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሻንጣውን ይሸከምለታል፣ ሬጅስትራር ድረስ ያደርሰዋል፣ ዶርሙን ፈልጎ ያገኝለታል፣ አንሶላ ከሌለው የራሱን ያነጥፍለታል። ይህን ሁሉ አድርጎ ሲያበቃ ነው፣ «ወንድሜ፣ የክርስትና ስምህ ማን ነው?» የሚለው። ልጁ «ወልደ ገብርኤል» ይላል። በሬጅስትራር መዝገብ ቁጥር ሆኖ የተጻፈው ልጅ ካንቺ ዘንድ በተጠመቀበት ስም ይጠራል። ያን ምሽት እናቱ ደውላ፣ «ልጄ፣ ሰው አገኘህ ወይ?» ስትለው፣ «አዎ እማዬ፣ አግኝቻለሁ» የሚላት እውነቱን ነው። በአንድ ቃል የእናትን እንቅልፍ የምትመልሺ ሆይ፣ ለዚህ ብቻ እንኳ ብትመሰገኚ በተገባሽ ነበር!

ደግሞስ የንስሓ አባት ያገኘለት ማን ሆነና? ከቤቱ ሲወጣ የነፍስ አባቱን በአጥቢያው ትቶ ነው የመጣው። አንቺ ወደ አካባቢው ደብር ወስደሽ ከአንድ ካህን ጋር ታገናኚዋለሽ። ካህኑ ለአጥቢያው ምእመን ያለባቸው ድካም ሳያንሳቸው፣ በዕድሜ ልጆቻቸው የሚሆኑ፣ በሁለት ወንበር መካከል የሚቸገሩ ወጣቶችን ይቀበላሉ። ጥያቄያቸው የገበሬው ጥያቄ አይደለም፤ ስለ ፍጥረት አጀማመር ይጠይቃሉ፣ ስለ ፍቅር ጓደኛ ይጠይቃሉ፣ ፈተና ወድቀው መኖር ያስጠላቸውም ይመጣሉ። ካህኑ ይሰማሉ፣ ይመክራሉ፣ ቀኖና ይሰጣሉ፣ በመስቀላቸው ይባርካሉ። ደመወዝ የማይቆረጥለት፣ በሪፖርት የማይጻፍ፣ ነገር ግን የስንቱን ነፍስ ከገደል አፋፍ የመለሰ አገልግሎት ይህ ነው።

ጉባኤሽ በምሽት ነው። የመንግሥት ግቢ የሁሉ ነውና አንቺ ከአጥሩ ውጭ በቅርብ ባለው ደብር ትሰበሰቢያለሽ፤ በስድስት ኪሎ ያለው ወደ ቅድስት ማርያም፣ በአራት ኪሎ ያለው ወደ ቅድስት ሥላሴ፣ በባሕር ዳር ያለው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በሐዋሳ ያለው ወደ ቅዱስ ገብርኤል ደጅ ይሄዳል። ቀኑን በቤተ ሙከራ የዋለው እጅ ማታ ነጠላውን አስተካክሎ ይቆማል። ነገረ ሃይማኖት ይማራል፣ ነገረ ማርያምን ይማራል፣ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክና ሥርዓት ይማራል። ከዚያም የሚተጋ አለ፦ የአካል አወቃቀር መጽሐፉን በአንድ እጅ፣ ውዳሴ ማርያሙን በሌላ እጅ ይዞ ከየኔታ እግር ሥር የሚቀመጥ፣ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዜማ አጥንቶ መሐንዲስም ዲያቆንም ሆኖ የሚወጣ። አባቶቻችን በአንድ ሰው ውስጥ ሊያዩት የተመኙት ይህን ነበር። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ሲወጣ አንገቱን የደፋውን ልጅ ታላቁ ወደ ጎን ይወስደውና የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ይነግረዋል፦ ትምህርት እንቢ ብሎት የሸሸው ብላቴና፣ ዛፍ ላይ ለመውጣት እየወደቀች የምትነሣ ትል አይቶ እንደ ተመለሰ፣ የኢትዮጵያም ማሕሌት ከዚያ መመለስ እንደ ተወለደ። ታሪኩን በነገረው ማግሥትም ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ መጥቶ ካልኩለስ ያስጠናዋል። የምወድሽ ለዚህ ነው፤ ጸሎቱን ሰጥተሽ ጥናቱን አትነፍጊም።

በዐቢይ ጾም የምትቀበዪውን መከራ ከተማሪው በቀር የሚያውቀው የለም። የካፌው ሰዓት የጿሚውን ሰዓት አይጠብቅም። ከጠዋት ትምህርት እስከ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራ ቆሞ፣ ቅዳሴ አስቀድሶ ሲመለስ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ያን ጊዜ አገልጋዮችሽ ከካፌው ኃላፊ ጋር ይነጋገራሉ፤ በጎ ፈቃድ ካገኙ የጿሚው ምግብ ይቆይለታል፤ ካላገኙም ከአንዱ ዶርም ሽሮ፣ ከሌላው እንጀራ ተሰብስቦ ማዕዱ በጋራ ይቀርባል። ስለ ሰሙነ ሕማማት ስግደት ምን እላለሁ? የፈተና ሳምንት ሆኖ እንኳ ጉልበት ሲያጥፉ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ከሥራዎችሽ ሁሉ ግን ልቤ የሚቀመጠው በአንዱ ላይ ነው፤ እርሱም የመርዶ ሥራ ነው። ስልኩ የሚደወለው አባቱ ለሞተበት ልጅ አይደለም፤ ካንቺ ዘንድ ላለው ወንድሙ ነው። አጎት በተሰበረ ድምፅ፣ «ልጄ፣ አባቱ ዐርፏል፤ ፈተና ላይ እንደሆነ ሰምተናል፤ እንዴት ብናደርግ ይሻላል?» ይላሉ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ሽማግሌ የሚሸከመውን ሸክም በዚያች ሌሊት ይሸከማል። አይናገርም፤ ጓደኛው እራቱን በልቶ እንዲተኛ ይጠብቃል። ሌሊቱን የመሳፈሪያ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ አንዱ የስልክ ካርዱን፣ አንዷ ለወር መቆያ የተላከላትን ታዋጣለች። ጎሕ ሲቀድ ካህኑን ይዘው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ እጁን ይዘው ይነግሩታል። ልጁ በጩኸት ሲወድቅ የሚያነሡት እጆች ያንቺ ናቸው። ብቻውን አትሸኚውም፤ ሁለት ወንድሞች አብረውት ይሳፈራሉ፣ በማያውቁት አገር ድንኳን ውስጥ ከማያውቁት ቤተ ዘመድ ጋር ይቀመጣሉ፣ «እኛ ወንድሞቹ ነን» ብለው እናቱን ያጽናናሉ። ሲመለስ የቀረበት ትምህርት በሙሉ ተጽፎ ይጠብቀዋል፤ ፈተናው እንዲዛወርለትም ከመምህሩ ጋር ተነጋግረውለታል። ይህን የሚያደርግ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? በየትኛው ደንብ ተጽፏል? እናት ያስተማረችውን የሰፈር ዕድርና የሐዘን ሥርዓት ከእናት ርቀው የሚያጸኑ ልጆች ወልደሻልና ጡቶችሽ ብፁዓት ናቸው።

ስለ አንድነትሽም እመሰክራለሁ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁከት ሲነሣ፣ ተማሪ ተማሪን በወገኑ ጠርቶ ሲገድል፣ ግቢያቸውን ጥለው በአብያተ ክርስቲያናት የተጠለሉ ነበሩ። በዚያ ክፉ ወራት ኦሮሞው ለአማራው፣ አማራው ለትግሬው፣ ወላይታው ለጉራጌው ዋስ የሆነበት ቤት አንቺ ነሽ። በወሩ 12 ቀን ለቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 ለእመቤታችን ጽዋ ሲጠጣ ዳቦውን የሚቆርሰው ማን፣ ጸሎቱን የሚመራው ማን ብሎ በዘር የጠየቀ አልነበረም። ዛሬም መዝሙርሽ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ይዘመራል። በአንዱ ዶርም ውስጥ ያንቺ ልጅ ለኪዳን ሲነሣ ከሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ የሆነው ጓደኛው ለፈጅር ይነሣል፣ ከፕሮቴስታንት ተማሪዎች ፌሎሽፕ የሆነው ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሱን ይከፍታል፤ አንዱ ለአንዱ መብራት ያበራል፣ የአንዱን ጾም ሌላው ያከብራል። ይህን ሰላም መጠበቅሽንም ከውዳሴሽ አላጎድለውም።

የማይታዩትንም አገልጋዮችሽን አነሣለሁ። ወንበር የሚደረድሩትን፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን፣ ከጉባኤ የቀረውን አባል ስም ቆጥራ ታሞ እንደሆነ ልትጠይቅ የምትሄደውን እኅት፣ የግማሽ ብር ስሕተት ቢያገኝ የማይተኛውን ሒሳብ ሹም፣ መጽሐፍ ሲያውስ ሲቀበል የዋለውን የቤተ መጻሕፍት አገልጋይ፣ ምረቃው ሲደርስ ሁሉን ነገር አስረክቦ፣ አንዲት ፎቶ ብቻ ይዞ የሚሄደውን ሰብሳቢ። በሽኝታቸው ዕለት አረጋውያን ካህናት እየመረቁ፣ ታናናሾቻቸው እያለቀሱ፣ አደራ ተቀብለው ይወጣሉ። ከዚያም የት እንዳሉ ፈልጓቸው፦ አንዱ በአፋር ጤና ጣቢያ በሌሊት ወላድ ይረዳል፣ አንዷ በገጠር ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ እያስተማረች እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች፣ አንዱ በባዕድ አገር ሆኖ ከደመወዙ ቀንሶ ጣራው ለሚያፈስ የአብነት ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ይገዛል፣ ብርድ ልብስ ለሌለው የቆሎ ተማሪም ይልካል።

እንግዲህ ደጃቸውን የከፈቱልሽን አጥቢያዎች እግዚአብሔር ይባርክልሽ። የንስሓ አባቶችሽን ዕድሜ ያርዝምልሽ፣ የየኔታዎችሽን ዓይንና ድምፅ ይጠብቅልሽ። በዝዋይ ዘር የዘሩልሽን፣ በብላቴ የጸለዩልሽን፣ በጦርነትና በሁከት ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የተቀጠፉትን ልጆችሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልሽ። መምህር ላጡት ግቢዎችሽ መምህር፣ አዳራሽ ላጡት አዳራሽ፣ ሰላም ላጡት ሰላም ይስጥልሽ። ዘንድሮ ለሚመረቁት መንገዳቸውን ያቅናላቸው፤ ለሚተኩአቸውም ትከሻ ይስጣቸው። አሜን፣ ወአሜን፣ ለይኩን ለይኩን።