«ተቃጠለ» ለብልሽት ሁሉ አይሆንም፦ ስለ መኪና የውስጥ መብራት መመሪያ ትርጉም የቀረበ ሂስ

የሙያ ጽሑፍ ተርጓሚ ሁለት ሸክም አለበት። አንደኛው ለዕቃው ስም ማግኘት ሲሆን፣ ሁለተኛው ዕቃው የሚሆነውን ሁሉ፣ በተለይም የሚበላሽበትን ሁኔታ፣ ለይቶ የሚናገር ግሥ መምረጥ ነው። በመኪና ውስጥ የሚገጠሙ የኤልኢዲ መብራቶች ብልሽት እንዴት እንደሚፈለግ የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ አነስተኛ መመሪያ ተመልክተናል። ተርጓሚው በመጀመሪያው ሸክም ላይ ብዙ ደክመዋል፤ ሁለተኛውን ግን ከመንገድ ጥለውታል። ይህንን ጽሑፍ ለሂስ የመረጥነውም ጉድለቱ የእርሳቸው ብቻ ባለመሆኑ ነው።

በስሞቹ እንጀምር። ኤልኢዲን «ብርሃን አመንጪ ዳዮድ» ማለታቸው ለመዝገበ ቃላት ፍቺ የሚስማማ ነው። ይሁን እንጂ ሐረጉ በየዐረፍተ ነገሩ ሲደጋገም አንባቢን ያታክታል። ፍሬን፣ ፍሬቻና ካንዴላ ከጣሊያንኛ መጥተው ከአማርኛ ጋር እንደ ተዋሐዱ ሁሉ፣ ኤልኢዲም በስሙ ገብቶ «ኤልኢዲው፣ ኤልኢዲዎቹ» እየተባለ ይነገራል። ስለዚህ ፍቺውን አንድ ጊዜ ሰጥቶ በአጭሩ ስም መቀጠል ይበቃ ነበር። «የጉልላት መብራት» የሚለው ግን የሚያስኬድ አይደለም። በእንግሊዝኛ ዶም የተባለውን ቃል በቃል ለመመለስ ሲባል የተመረጠ ይመስላል፤ ጉልላት ግን በአማርኛ ከጣራ አናት ላይ፣ በውጭ በኩል የሚቆም ነገር ነው። አሽከርካሪው መብራቱን ከመኪናው ውጭ ቢፈልገው አይፈረድበትም። «የውስጥ ጣራ መብራት» ቢባል ሁሉም ይረዳው ነበር።

ከዚህ የከበደው ስሕተት «ጥቁሩን ሽቦ ከመሬት ጋር ያገናኙ» የሚለው ነው። መኪና በጎማ ላይ የቆመ ስለሆነ እዚህ ላይ የተፈለገው የምንረግጠው መሬት አይደለም፤ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ጋር የተያያዘው የመኪናው የብረት አካል ነው። ለዚህ የጋራዥ ባለሙያዎች «ማሳ» የሚል፣ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ቃል አላቸው። ቃሉ የሚታረሰውን መሬት ከሚያመለክተው ማሳ ጋር በድምፅ መግጠሙ ሊያሳስብ አይገባም፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ በሁለት ቁጥር ለይቶ ሊመዘግባቸው ይችላል።

ዋናው ነጥባችን ግን ግሦቹን የሚመለከት ነው። መመሪያው በአብዛኛው መብራቱ «አይሠራም» ወይም «ተቃጥሏል» ይላል። «ተቃጠለ» ለክር አምፖል እውነት ነው፤ ክሩ ከተበጠሰ አምፖሉ አልቆለታል። የክር አምፖል ደግሞ በየትኛውም በኩል ቢገጠም ይበራል። ኤልኢዲ ግን ኤሌክትሪክን የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ እንዲበሩ ተደርገው የተሠሩ ቢኖሩም፣ ሌሎቹ ፖዘቲቭና ኔጌቲቫቸው ተቀያይሮ ሲገጠሙ ጨርሶ አይበሩም፤ ሆኖም አልተቃጠሉም። መድኃኒቱ መብራቱን ነቅሎ፣ ጫፍና ጫፉን አቀያይሮ መመለስ ነው። «ተቃጥሏል» የሚለውን ያነበበ ሰው ግን ጤነኛውን መብራት ጥሎ ሌላ ይገዛል፤ ያንንም በተሳሳተው በኩል ከገጠመው ደግሞ ይጥለዋል።

የቀሩት ብልሽቶችም ምልክታቸውና ምክንያታቸው የየራሳቸው ነው። በሩ ተዘግቶ መብራቱ መጥፋት ሲገባው በትንሹ የሚበራ ከሆነ፣ ምክንያቱ ከመቆጣጠሪያው የሚያመልጥ እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል። ያ መጠን የክር አምፖልን ክር ለማጋል አይበቃም፤ ለኤልኢዲ ግን ይበቃዋል። ተርጓሚው ይህንን «ዝቅተኛ መጠን ያለው ያልተፈለገ የብርሃን ልቀት» ብለውታል። አማርኛ ግን ጋዝ ስላለቀበት ኩራዝ ሲናገር «ጭል ጭል ይላል» ካለ ቆይቷል። የዝገት ሽፋን ያለው መገናኛ ወይም የላላ ማሳ ቮልቱን ሲቀንሰው መብራቱ «ይፈዛል»። መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲናጥ የሚነካካ ሽቦ ካለ «ብልጭ ድርግም» ይላል። ብርሃኑን ለመቀነስ ኤሌክትሪኩ በፍጥነት የሚቆራረጥበት መኪና ውስጥ ሲገጠም ደግሞ «ይርገበገባል»። እነዚህ አራቱ አንዱ በሌላው ሊተካ አይችልም፤ ባለሙያው ፍተሻውን ከየት እንደሚጀምር የሚነግሩት እነርሱ ናቸውና።

ተርጓሚዎቻችን እንዲህ ያሉትን ቃላት የሚሸሹት የጨዋታ እንጂ የሳይንስ ስለማይመስሏቸው ነው ብለን እንገምታለን። ይህ አስተሳሰብ ሊታረም ይገባል። ከ«ብልጭ አለ» «ብልጭታ» እንደ ተገኘ፣ ከ«ጭል ጭል አለ» «ጭልጭልታ»፣ ከ«ተርገበገበ» «እርግብግብታ» ተብሎ ለሙያ ስያሜ ሊውል ይችላል።

በመጨረሻም «ፊውዙን በተመጣጣኝ ፊውዝ ይተኩ» የሚለውን ሳናነሣ አናልፍም። «ተመጣጣኝ» ለግምት በር ይከፍታል። በ10 አምፔር ፊውዝ ቦታ 20 አምፔር ቢገባ፣ ፊውዙ ከመቅለጡ በፊት ሽቦው ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ቃሉ «የአምፔር ልኩ እኩል በሆነ» መሆን ነበረበት። እዚህ ላይ የአንድ ቅጽል ምርጫ የውበት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የደኅንነት ጉዳይ ሆኗል።

ተርጓሚው ለሥራው ያሳዩት ትጋት የሚመሰገን ነው። ለሁለተኛው እትም የምንመክረው፣ መዝገበ ቃላቱን እንደ ያዙ አንድ ቀን ጋራዥ ገብተው ባለሙያውና ባለመኪናው ስለ ብልሽቱ ሲነጋገሩ እንዲያዳምጡ ነው። የጎደሏቸውን ግሦች የሚያገኟቸው እዚያ ነው።