ሳሊን ሸለቆን ሳታዩ እንዳትቀሩ!

ስለዚህ ቦታ ካልተናገርኩ ሆዴ አይችልም። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ሳሊን ሸለቆ የሚባል ጭልጥ ያለ በረሃ አለ። በረሃው መሀል ደግሞ ፍል ውሃ! ሎስ አንጀለስ ከሚገኘው የፌርፋክስ ሰፈራችን ጠዋት የተነሣ ሰው ሳይመሽ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ነው፤ ሆኖም ከሐበሻ ወዳጆቼ አንድም ሰው ስሙን ሲያነሣ ሰምቼ አላውቅም።

መንገዱ እውነትም ይፈትናል። ቢግ ፓይን ከተማን ለቃችሁ፣ አስፋልቱ አልቆ፣ ተራራውን ወደ ሸለቆው ስትወርዱ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የምትነዱ ያህል ትንቀጠቀጣላችሁ። ስልክ አይሠራም፤ ነዳጅ ማደያም ሆነ ሱቅ የለም። መታጠፊያውን የሚጠቁማችሁ የሌሊት ወፍ ምስል የተለጠፈበት እንጨት ብቻ ነው። ከዚያ አቧራው መሀል ድንገት ዘምባባ ብቅ ይላል። ጮህኩ!

ውሃው ከመሬት ፈልቶ ሲወጣ ለገላ አይቻልም። ስለዚህ ማንም በማይገባበት ምንጭ ከተጠራቀመ በኋላ በቧንቧ ወደ ገንዳዎቹ ይወርዳል። ገንዳዎቹን በድንጋይና በሲሚንቶ የሠሩት በረሃውን የወደዱ ተራ ሰዎች ናቸው። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1994 በፓርኩ ከመጠቃለሉ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምረው፣ ያለ ደሞዝ፣ በገዛ እጃቸው! ዛሬም ገንዳውን አፍስሰው የሚፈትጉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሳሙና ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ውሃው ጥርት ከማለቱ የተነሣ የእግሬን ጥፍሮች መቁጠር እችል ነበር።

ልብስ መልበስም ሆነ አለመልበስ ደግሞ ለባለቤቱ የተተወ ነው። አዎ፣ ወንድና ሴት ባንድ ገንዳ፣ ብዙዎቹም ራቁታቸውን። እኛ የጠበልና የፍል ውሃ ልጆች ነን። አዲስ አበባ እንኳ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃን ወደው ነው። ይሄኛው ግን ለእኔም እንግዳ ነበር። የዋና ልብሴን ለብሼ ገባሁ፤ ማንም ዞሮ አላየኝም። አጠገቤ የተቀመጡት አንዲት አሮጊት አንድ ጡታቸው በቀዶ ጥገና ተወግዷል፤ ጠባሳው ከብብታቸው እስከ ደረታቸው መሀል ተጋድሟል። እርሳቸው ግን የገንዳው ቧንቧ በኖራ እየተደፈነ እንዴት እንደሚያስቸግር በእጃቸው እያሳዩ ያስረዱን ነበር፤ ሁላችንም ጨዋታቸውን እንጂ ጠባሳቸውን አላየንም። የሰው ገላ እንዲህ ያለ ምንም እፍረት፣ ያለ ምንም ምኞት፣ ገላ ብቻ ሆኖ ሳይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። በማግስቱ የዋና ልብሴን ድንኳኔ ውስጥ ትቼው ወረድኩ። እንዴት ቀለለኝ!

ከገንዳው ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ስታዩ የኢንዮ ተራሮች ፊታችሁ ተገትረዋል፤ በብርዱ ወራት ጫፋቸው በረዶ ለብሶ እናንተ አንገታችሁ ድረስ በሙቅ ውሃ ውስጥ ናችሁ። ጨው በግመል ከአፋር በረሃ ሲወጣ ለምናውቅ ለእኛ ደግሞ የተራሮቹ ታሪክ ይጥማል፦ እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1913 በእነዚህ ገደሎች ላይ የሸለቆውን ጨው ወደ ኦወንስ ሸለቆ የሚያሻግር ከ21 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የኬብል መስመር ተዘርግቶ ነበር። የእንጨት ምሰሶዎቹ ዛሬም ተራራው ላይ አሉ።

ሌሊቱስ? ዴዝ ቫሊ በጨለማው ጥራት ዓለም አቀፍ እውቅና ያገኘ ፓርክ ነው። ፍኖተ ሐሊብን ጀርባዬን ለሞቀ ድንጋይ ሰጥቼ እያየሁ እጄ መጨማደዱ እንኳ ትዝ አላለኝም።

በሐምሌና በነሐሴ እንዳትሞክሩት፤ ሙቀቱ ሰው ይገድላል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ሸጋ ነው። ድንኳን ለመትከል አትከፍሉም። የሚጠጣ ውሃ በገፍ፣ ሙሉ ታንክ ነዳጅ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ ያዙ፤ ብርጭቆና ጠርሙስ ወደ ገንዳው አታቅርቡ፤ ካሜራችሁን ከሻንጣ አታውጡ። ጉልበት ከተረፋችሁ ደግሞ ወደ ላይኛው ምንጭ ዝለቁ፤ አህያ እንዳይገባበት ከመታጠሩ በቀር የሰው እጅ ያልነካው ነው። ቢቻል በሁለት መኪና ሂዱ፤ በአንዱ ቦታ ካለ እኔም አለሁበት!