ቅርጽ የማይዘው ፕሮቲን

ከፓርኪንሰን በሽታ ጋር ስሙ የሚነሳው አልፋ-ሲኑክሊን 140 አሚኖ አሲዶች አሉት። ውሃ ውስጥ ብቻውን ሲሆን ቋሚ ቅርጽ የለውም፤ በሚፈላ ውሃ ውስጥ እንዳለ ፓስታ ይጠመዘዛል፣ ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል።

እንዲህ ያለውን ማን ፎቶ ያነሳዋል? የኤክስሬይ ጨረር ሲለቁበት የሚገኘው የእልፍ አእላፍ ሞለኪውሎች አማካይ ስፋት ነው። ኤንኤምአር የተባለው በማግኔት የሚሠራ የልኬት ዘዴ የየአቶሙን አካባቢ ቢያሳይም እሱም አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ያታልላል፤ ግማሾቹ ተዘርግተው ግማሾቹ ቢኮማተሩ፣ አንዱም ሞለኪውል ያልያዘውን ቅርጽ ሊነግረን ይችላል።

ሌላው መንገድ ኮምፒውተር ነው፤ ኬሚስቱ ማርቲን ካርፕለስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 በአንድ ትንሽ ፕሮቲን እንደጀመሩት፣ የአቶሞቹን እንቅስቃሴ በኒውተን ሕግ ያሰላል። እሱም ቢሆን አይታመንም፤ ቀመሮቹ እነዚህን ልል ፕሮቲኖች ከልክ በላይ እያኮማተሩ ብዙ ዘመን አስቸግረዋል።

እኔን የሚማርከኝ የልኬቱና የስሌቱ እርቅ ነው። ከስሌቱ የወጡት በሺህ የሚቆጠሩ ቅርጾች፣ አማካያቸው ከልኬቱ ጋር እስኪገጥም ድረስ፣ በአማካዩ ውስጥ ያላቸው ክብደት የአንዱ ከፍ የሌላው ዝቅ ይደረጋል፤ ከዚያ አልፎ ግን ስሌቱ አይነካም። እንዴት ያለ ጨዋነት ነው! ጠንቃቆቹ ተመራማሪዎች ደግሞ ከልኬቶቹ ጥቂቱን ደብቀው ያቆዩና የተስተካከለው ስብስብ እነሱንም ይገምት እንደሆነ ይፈትኑታል።