የቁልቁለት ሙያ

ከአዲስ አበባም ሆነ ከደሴ የሚመጣ ተጓዥ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ዳገቱ ነው። «ይከብዳል? ትንፋሽ ያሳጥራል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ «የእግር ጥፍርዎን ቆርጠዋል?» እላለሁ። ብዙዎቹ ቀልድ ይመስላቸዋል። ጥፍሩን ያልቆረጠ ሰው ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ወንዙ ሲወርድ ሲውል ጣቱ ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲላተም ይውላል፤ ማታ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ሰንበት ብሎ ይነቀላል። ዳገት ትንፋሽ ቢያሳጥር ቆም ብለው ያልፉታል። ቁልቁለት ያበላሸው ጉልበት ግን ቆም ስላሉለት አይመለስም።

በእኛ አገር የእግር መንገድ ማለት ከሁሉ በፊት መውረድ ነው። አቀስታ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የለጋምቦ ከተማ ናት። በታኅሣሥና በጥር ውርጩ ሣሩን አንጥቶ ያድራል፣ ሰው ባና ተከናንቦ ይወጣል፣ ማሳው ገብስ ነው፣ ሀብቱ በግ ነው። ከዚህ ተነሥተው ወደ ወለቃ ቢሉ፣ ወደ በሽሎ ቢሉ፣ በመካነ ሰላም በኩል ወደ ዓባይ ቢሉ፣ እግርዎ የሚሄደው ቁልቁል ነው። ተራራ መውጣትን የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው። ሰውን በደህና ማውረድ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እኔ እንጀራዬን የምበላው በእሱ ነው።

የአወራረዱ ነገር እንዲህ ነው። እርምጃ ያጥራል። ጉልበት አይገተርም፣ ሁልጊዜ ትንሽ እንደታጠፈ ነው። ዓይን ሦስት እርምጃ ያህል ከፊት ይቀድማል እንጂ እግር ሥር አይተከልም። ዱላው ከእግር ቀድሞ መሬት ይነካል፤ ዱላውን ወደ ኋላ አድርጎ የሚደገፍ ሰው ሲንሸራተት ተቀምጦ ይወርዳል። ጠጠር ባለበት ቀጥ ብሎ መውረድ የለም፣ ወደ ጎን እየተዞረ እባብ እንደሚሄድ ነው። በቅሎ ያለው ከበቅሎው ይወርዳል፤ ቁልቁለት ላይ የሚጋልብ ሰው ሳይ ለበቅሎዋ አዝናለሁ፣ ለሰውየውም አልፎ አልፎ። የጫማን ነገር እንግዶቼ አብዝተው ይጨነቁበታል። የአገሬ ሰው በኮንጎ ጫማና በጎማ በረባሶ ሲወርድ አይተው ያፍራሉ። በረባሶ ደረቅ ድንጋይን ቆንጥጦ ይይዛል፣ እርጥብ ሣር ላይ ግን ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አስቀድሞ አይነግራቸውም። ስንወርድ የጭን ጡንቻ ሸክም እንደያዘ ይለጠጣል፤ ውስጡ በጥቂቱ እየተሰነጠቀ የሚያመው በማግሥቱ ነው፣ አንዳንዱን በሦስተኛው ቀን። በመጀመሪያው ቀን ማታ ሲስቅና ሲጫወት ያመሸ ሰው ጠዋት ከመኝታው ለመነሣት ግድግዳ ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ሁልጊዜ አሳጥራለሁ፤ እንግዳው «ገና ነኝ፣ እንቀጥል» ቢለኝም።

ምድሩ ራሱ እንደ ደረጃ የተሠራ ነው። የዛሬ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ስንጥቅ እየፈሰሰ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየፈሰሰ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። አንዱ ፍሰት አንድ ገደል ሆነ። በሁለቱ ፍሰቶች መካከል ረጅም ዘመን ሲያልፍ የላዩ ድንጋይ ወደ አፈርነት ተቀየረ፣ ከዚያ አዲስ ትኩስ ፍሰት መጥቶ እንደ ሸክላ ጠበሰው። ገደሎቹ መሐል ቀጭን ቀይ መቀነት ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። ቅላቱ ከብረት ነው። ይህ ቀይ አፈር ውኃ ስለማያሳልፍ ምንጩ የሚፈልቀው ከሱ በላይ ነው፤ ምንጭ ባለበት ሜዳማው እርከን ይሰፋል፤ እርከኑ በሰፋበት ቤትና ማሳ አለ፤ መንገዱም በዚያ ያልፋል። ከሩቅ ቀዩን መስመር ያየ መንገድ መሪ ውኃውን፣ መንደሩንና ማረፊያውን አየ ማለት ነው። መንገድ የጠፋበት ሰው ወደ ታች ከሚቸኩል ቀዩን ይዞ ወደ ጎን ቢሄድ ሰው ያገኛል። ሰው ካገኘ ደግሞ ርቀቱን እንዳይጠይቅ፤ «አብሽር፣ ደረስክ» ይባላል፣ ገና ግማሽ ቀን ሲቀር።

እርከኑ የሰው ነው፣ ገደሉ የጫካ። ደንቆሮ ጫካ የተረፈውም በዚሁ ይመስለኛል፣ በሬ ጠምዶ ሊታረስ የማይችል ቁልቁለት ላይ ስለበቀለ። ከመካነ ሰላም ብዙም አይርቅም፤ በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ፓርክ ተብሎ በክልሉ ተከለለ፣ ሲከለል ስፋቱ 4,375 ሄክታር ነበር። ከ1,900 ሜትር ገደማ ተነሥቶ እስከ 3,700 ሜትር ግድም ይዘልቃል። ፓርኩን ከታች ወደ ላይ የሚያስጎበኙ አሉ። ከላይ ወደ ታች ካልሄዱበት ግን ጫካው አይገባዎትም ባይ ነኝ።

ላይኛው ጓሳና ጅብራ ነው። ጅብራው አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል፤ ደርቆ የቆመውን ግንድ በጉም ውስጥ ሰው አድርጎ የማያይ የለም። ቀይ ቀበሮ ካለ የሚገኘው እዚህ ነው፣ ማለዳ፣ አይጥ ሲያድን። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ በሙሉ ዕድሜ ላይ ያሉት በአገር ደረጃ ከ500 አይበልጡም ስለሚባል፣ እንግዳዬን አንድ ቀበሮ ካሳየሁት ጫማው ቢቀደድም ቅር አይለውም። ጭላዳዎቹ ማታ ገደሉ ላይ ያድራሉ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ወጥተው ሣር ይግጣሉ። በመንጋቸው መሐል አቋርጦ ማለፍ ነውር ነው፤ ዞር ይባላል።

ትንሽ ሲወርዱ አስታው ይጀምራል፤ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽበት ፂም የተንጠለጠለ ነገር አለበት። ከሱ ጋር ተቀላቅሎ ቢጫ አበባ የሚያወጣው አሜጃ ነው። ከዚያ ኮሶ፣ ከዚያ ጽድና ወይራ። አሁን ከዛፉ ቁመት ይልቅ ሥሩን ማየት ነው። ከአንድ ጉቶ ሦስት አራት ግንድ ያወጣ ወይራ ካገኙ ያ ቦታ አንድ ዘመን በመጥረቢያ ተመትቷል፤ ወይራ ከተቆረጠ በኋላ ያቆጠቁጣል። ጽድ ግን ተቆርጦ አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ወይራው በቁጥቋጦ ሞልቶ ጽዱ ከጠፋ፣ ቆራጩ ጽዱን ለቤት፣ ወይራውን ለማገዶና ለከሰል ወስዶታል ማለት ነው። አስታውም እሳት ቢበላው ከሥሩ ያንሠራራል። ሳማ በብዛት ካለ ከብት ያደረበት፣ ምናልባትም ቤት የነበረበት ነው። ይህን ሁሉ ለማየት ቀስ ብሎ መውረድ ያስፈልጋል፤ ዳገት የሚወጣ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ሰው ተረከዝ ነው።

ከሰል ካልኩ አይቀር አንካሴዬን ላሳያችሁ። የእንግዶቼ የሚታጠፍ ምርኩዝ ሦስት ቦታ ይሰበራል፤ የእኔ አንካሴ ወይራ ነው፣ ጫፉ ላይ ሹል ብረት አለው። ብረቱን የሠሩልኝ ቀጥቃጭ ከአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ ቆርጠው ነው። ከሰሉን በወናፍ አግለው ብረቱ እንደ በሰለ በርበሬ ሲቀላ በጉጠት ይይዙታል፣ መስፉ ላይ አስተኝተው ቀስ እያሉ እያዞሩ ይቀጠቅጡታል፣ ጠፍጣፋው ተጠቅልሎ ቀንድ ይመስላል። ከዚያ እንደጋለ ዱላው ጫፍ ላይ ይተክሉታል። እንጨቱ ይጨሳል፣ ይሸታል። ወዲያው ውኃ ውስጥ! ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ እንጨቱን ጨብጦ ይቀራል። ምስማር የለው፣ ሙጫ የለው። «ልጄ፣ እሱ ከሚወልቅ አንተ ትወድቃለህ» አሉኝ። እስካሁን አልወለቀም።

ባሌስትራ ሳይመጣ በፊት ብረቱ የሚወጣው ከምድር ነበር። በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ብረት የበዛበትን ቀይ ድንጋይ ሰብረው፣ በሸክላ ምድጃ ውስጥ ከከሰል ጋር ደርድረው በወናፍ ያነዱት ነበር። ብረት ፈጽሞ ለመቅለጥ 1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፣ ያ ምድጃ እዚያ አይደርስም። ቆሻሻው ቀልጦ ይወርዳል፤ ብረቱ ራሱ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ጓል ሆኖ ይቀራል፣ እሱን ደጋግሞ በመቀጥቀጥ ነው ማረሻና ማጭድ የሚወጣው። ለአንድ ማረሻ ከብረቱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ከሰል ይሄዳል። ከሰሉ ጫካ ነው። ያንን ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች ደግሞ አገሩ «ቡዳ» እያለ ሲያርቃቸው ኖረ፣ በማረሻቸው እያረሰ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ ስድቡ በአዋጅ ብቻ አልቆመም።

በዚህ አገር ስለ ብረትና ቁልቁለት የሚያወራ ሰው የአፄ ቴዎድሮስን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ መዝለል አይችልም። በመጀመሪያ ግን ሴባስቶፖል ብረት አይደለም፣ ነሐስ ነው። መድፉን ጋፋት ላይ የሠሩት አውሮፓውያን ባለ እጆች መዳብና ቆርቆሮ ያቀለጡት ያለ ምክንያት አይደለም፣ ብረት ማቅለጡ ይከብዳል፤ መዳብ በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣል። ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን መድፍ አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር አስነሡት፣ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው በቀናት የሚጨርሰው መንገድ ግማሽ ዓመት ፈጀ። በዳገቱ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር ይጎትታል፤ ይህን ሥዕል ሁሉም ያውቀዋል። ለእኔ ግን ከባዱ ሥራ በዥጣና በበሽሎ ወንዞች ቁልቁለት ላይ የተሠራው ነው፤ ሰባ ኩንታል በሰረገላ ተጭኖ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሲወርድ። እዚያ የሚጎትት ሰው አያስፈልግም፣ መድፉ ራሱ ይሄዳል። የሚያስፈልገው ወደ ኋላ የሚይዝ ነው። ንጉሡ ድንጋዩን ፈልጠው፣ ገደሉን ቆርጠው መንገድ ሠሩለት፤ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ሲያነሡ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። መንገዱ ከጠላት ወገን አድናቂ አገኘ፤ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ዥጣን የወረደው ንጉሡ ባስጠረጉት መንገድ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ፤ መድፉ እዚያው አምባው ላይ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው አምሳያው ነው። አምሳያውን ያየ ሰው መድፉን አየሁ ይበል እንጂ ሥራውን አላየም፤ ሥራው ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ያው የበሽሎ ቁልቁለት ዛሬም የማዕድን አገር ነው። ከደላንታ ሜዳ ጥቂት መቶ ሜትር ወረድ ብሎ፣ በገደሉ መሐል ቀጭን የእሳተ ገሞራ አመድ ድንጋይ ንጣፍ አለ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የወገል ጤናን ስም ዓለም ያወቀበት ኦፓል የሚወጣው ከሱ ነው። እዚህም ከታች ውኃ የማያሳልፍ ሸክላማ አፈር ይገኛል። ወጣቶቹ ገደሉን ተከትለው በመዶሻና በድጅኖ ዋሻ ይቆፍራሉ፣ ድጋፍ እንጨት ብዙም የለውም። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ቆፋሪዎች ዋሻ ተደርምሶባቸው ወሬው በአገር ሁሉ ተሰማ፤ የመጀመሪያው አልነበረም። ከዋሻው አፍ የሚጣለው ፍርስራሽ ቁልቁል ተንዶ መንገዱን ይሸፍነዋል። ይህ ፍርስራሽ ከወንዝ ጠጠር ይለያል፤ ጠርዙ ስለታም ነው፣ አልተደላደለም፣ አንዱን ሲረግጡ ዐሥሩ ይንቀሳቀሳል። እዚያ ላይ አንካሴም ብዙ አይረዳም፣ የሚይዘው የለምና።

እንግዶቼ ቆም ብለው ድንጋይ መልቀም ይወዳሉ። እኔ ፍርስራሹ ላይ ተራ በተራ ነው የማሳልፋቸው፣ አንዱ ተሻግሮ ጥግ ሲይዝ ሌላው ይጀምራል፣ ከላይ ሰው ካለ ጮኾ ማስታወቅ ነው፤ ቆፋሪዎቹ «እለፉ» ሲሉ እናልፋለን። ዋሻ ካለበት ገደል ሥር ሰው አላሳርፍም፣ ጥላው ቢያምርም። ዳቦና ቆሎው የሚፈታው ወርደን ከጨረስን በኋላ፣ በሽሎ ዳር ነው።