ሲቪው አንድ፣ ስሙ ሁለት

ሰላ ድንጋይ የሚማር ልጅ የአስራ ሁለተኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ሲወስድ መልሱን የሚያርመው ማሽን ነው። ማሽኑ የተመረጠውን መልስ እንጂ የስሙን ትርጉም አያውቅም። ተመርቆ ሥራ ሲያመለክት ግን ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ቀድሞ የሚያየው ስም ነው። ታዲያ ስም የትምህርትን ዋጋ ይቀንሳል?

በዚህ ላይ ዝነኛው ጥናት ማሪያን በርትራንድና ሴንዲል ሙላይናታን በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ሲቪዎች አዘጋጁ። በግማሾቹ ላይ አሜሪካ ውስጥ የነጭ የሚባሉ ስሞችን (ኤሚሊ፣ ግሬግ)፣ በቀሪዎቹ ላይ የጥቁር የሚባሉትን (ላኪሻ፣ ጀማል) በዕጣ አደረጉ። ከዚያ በቦስተንና በቺካጎ ጋዜጦች ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ላኩ። የነጭ ስም ያለው በአማካይ 10 ሲቪ ልኮ አንድ ጥሪ ሲያገኝ፣ የጥቁር ስም ያለው 15 መላክ ነበረበት።

የባሰው ሌላ ነው። ሲቪው ጠንከር ሲል የነጮቹ ጥሪ 30 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ የጥቁሮቹ ጭማሪ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

የጥናቱ ጉልበት ዕጣው ነው። ስሙ በዕጣ ስለወጣ «ምናልባት ያኛው ጎበዝ ስለሆነ ይሆናል» ማለት አይቻልም። ግን እስቲ ድክመቱንም እንይ። አንደኛ፣ «ጠንካራ ሲቪ» የተባለው የሥራ ልምድን፣ የምስክር ወረቀትንና ሌላውንም አንድ ላይ የጠቀለለ ነው፤ ትምህርትን ብቻውን አልለካም። ሁለተኛ፣ የለካው ጥሪን ነው። መቀጠርም ሆነ ዕድገት ማግኘት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ሦስተኛ፣ በሰው በሰው የሚገኘውን ሥራ ጭራሽ አይነካም።

የመጀመሪያውን ክፍተት ማይክል ጋዲስ በ2015 ሞላው። በእሱ ሙከራ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ለሁሉም ጥሪ ጨምሯል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች የወጣ ጥቁር አመልካች ያገኘው ጥሪ፣ ብዙም ስም ከሌለው ዩኒቨርሲቲ ከወጣው ነጭ ጋር ተቀራራቢ ነበር። ስለዚህ «መማር ምን ዋጋ አለው?» የሚለው ድምዳሜ ስህተት ነው። ትምህርት ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ለሁሉም እኩል አይደለም።

ለእኛስ? ጀማል የሚለውን ስም አስቡ። ቺካጎ ላይ «ጥቁር» ይላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ቆዳ ቀለም ምንም አይልም፣ ሰው የሚሰማው «ሙስሊም» የሚል ነው። ስሙ ያው ነው፤ የተለየው አንባቢው ነው። ሜሪላንድ ሄዶ ሥራ የሚያመለክት ጌታቸው ደግሞ ከኤሚሊም ከላኪሻም ወገን ስላልሆነ፣ የ2004ቱን ቁጥር እንዳለ ወስደን እሱ ላይ መለጠፍ አንችልም።

ዘዴው ግን ይወሰዳል። እኛም አገር ስም ሃይማኖትን፣ አንዳንዴም ብሔርን ይጠቁማል። አንድ ዓይነት ሲቪ፣ ሁለት ስም፣ በዕጣ። ከእናንተ መሃል ነገ ተመራማሪ የሚሆን ካለ ጥሪውን ብቻ ቆጥሮ እንዳያቆም፤ ከተቀጠሩት ውስጥ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ኃላፊ እንደሆነም ይከታተል። ያኔ ዲግሪ የት ድረስ እንደሚያደርስ በግምት ሳይሆን በቁጥር እንነጋገራለን።